የመንገድ ውሰት

ሙቀጫ የተዋሰ ጎረቤት ቡናውን ወቅጦ ሲጨርስ ሙቀጫውን አራግፎ ይመልሳል። ቢዘገይ እንኳ አዋሹ ልጁን ልኮ ያስጠይቃል እንጂ ዕቃው በዚያው የጎረቤት ሆነ ብሎ ዝም አይልም።

በአዲስ አበባ ከተማችን ሕንፃ የሚያሠሩ ሰዎች ከሕዝብ የሚዋሱት መንገድ ግን በዚህ ዓይነት ሲመለስ ብዙ ጊዜ አናይም። በመጀመሪያ የቆርቆሮው አጥር ከቦታው ወሰን አልፎ የእግረኛውን መተላለፊያ ይይዛል። ቀጥሎ የባሕር ዛፉ መወጣጫ ይቆማል፤ አሸዋውና ጠጠሩ ከአጥሩ ውጭ ይራገፋል፤ ብረቱም እዚያው ይታጠፋል። የዘበኛው ጎጆ ከሁሉ በኋላ ይመጣና ከሁሉ በኋላ ይሄዳል፤ አንዳንዱማ ሕንፃው ከተመረቀም በኋላ የማስቲካና የሲጋራ መሸጫ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ስንል ግንበኛውን ለመውቀስ አይደለም። በጠባብ ቦታ ላይ ፎቅ የሚያቆም ሰው መወጣጫውን የሚተክልበት ጥቂት ክንድ መንገድ ማስፈለጉ የማይቀር ነው። በባሕር ዛፍና በምስማር ያን ያህል ከፍታ የሚወጡትን ሠራተኞቻችንን ስናይ እንዲያውም እጃችንን በአፋችን እንጭናለን። የኛ ጥያቄ መንገዱ በማን ፈቃድ፣ ስንት ክንድ፣ እስከ መቼ ተያዘ የሚል ነው።

በቅርቡ ከአንድ እንዲህ ካለ አጥር አጠገብ ቆመን ሳለ አንዲት እናት ሕፃን አዝለው፣ ሌላውን ልጅ በእጃቸው ይዘው መጡ። የእግር መንገዱ ቆርቆሮው ላይ ሲያልቅባቸው ወደ መኪናው መንገድ ወረዱ። ሚኒባሱም ጥሩምባውን ነፋባቸው፤ ጥፋተኛዋ እርሳቸው ሆኑ ማለት ነው! በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን አቃሎ አያየውም።

ሕጉ ዝም ያለ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደበው ንብረት ይቈጥረዋል፤ እንዲህ ያለውንም ንብረት ማንም ሰው ብዙ ዘመን ይዤዋለሁ በማለት የራሱ ሊያደርገው አይችልም።

የፈቃድ ጠያቂውም እሮሮ መሰማት አለበት። አንድ የምናውቀው ባለ ሕንፃ ለአጥሩ ፈቃድ ለማግኘት ፋይሉን ይዞ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ሦስት ሳምንት ተመላለሰ። ኀላፊው ስብሰባ ናቸው፤ ነገ ይምጡ፤ ይህ የኛ ክፍል ሥራ አይደለም ተባለ። በአራተኛው ሳምንት አጥሩን በሌሊት አቆመው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠየቀውም። ፈቃድ ጠይቆ የተንገላታው ሰው ሳይጠይቅ ሲሠራ ሰላም ካገኘ፣ ጎረቤቱ ለምን ይጠይቃል?

በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 የወጣው የመንገድ ሕግ በዚህ ረገድ የሚያስተምረን አለ። መንገድ ላይ መወጣጫ የሚያቆም ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ሌሊትም መብራት ያበራበታል። አጥር ሲያጥር፣ መሥሪያ ቤቱ ካዘዘው፣ ለእግረኛው ጣሪያና የእጅ መደገፊያ ያለው መረማመጃ ከአጥሩ ውጭ ይሠራል። እኛን ይበልጥ ያስገረመን ግን ሕጉ መሥሪያ ቤቱንም ማሰሩ ነው፤ ይኸውም መወጣጫው መንገዱን ከልክ በላይ የሚዘጋ ወይም መተላለፊያን ብዙ የማያጠብ ሌላ አሠራር የሚገኝለት ካልሆነ በቀር ፈቃዱን መከልከል አይችልም፤ የተከለከለውም ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ይከራከራል።

ዛሬ በፈቃድ ሰጪው ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ፣ ነገም የምትቀመጡ ወጣቶች ሆይ፤ ሜትሩን ይዛችሁ ቦታው ድረስ ሂዱ። ለእግረኛው የሚቀረውን ስፋት ለክታችሁ ጻፉ። መመለሻውን ቀን ከፈቃዱ ጋር አላፊ አግዳሚው በሚያነብበት በቆርቆሮው ላይ አስለጥፉ፤ ቀኑም ሲደርስ ተመልሳችሁ እዩት። ጥያቄውን የማትቀበሉት ከሆነ ምክንያቱን በዚያው ሳምንት ንገሩት እንጂ ነገ ና አትበሉት።

የዚያ የምናውቀው ሰው አጥር ዛሬም እንደ ቆመ ነው። ባለፈው እሑድ ስናልፍ ቆርቆሮው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አይተን፣ ምናልባት የፈቃዱ ቀን ይሆናል ብለን ቀረብን። የሚከራይ ሱቅ አለ ይላል።