ሽፍታው፣ ጋንግስተሩና አጋቹ

ግንደወይን ላይ ላደገ ሰው የ«ጎድፋዘር» ፊልም መክፈቻ እንግዳ አይደለም። አንድ የኒውዮርክ አስከሬን ገናዥ ሴት ልጁን የደበደቡ ጎረምሶች ቅጣታቸው ታግዶ ከፍርድ ቤት ሲወጡ ያያል። ዳኛው የነሳውን ፍትሕ ፍለጋ ዶን ኮርሊዮኔን ደጅ ይጠናል።

ከቢቸና እስከ ሞጣ ይህ የሽፍታ ታሪክ ነው። ርስቱን የተቀማ፣ ወገኑ የተገደለበት፣ ዳኛ ያጣ ሰው ዱር ቤቴ ይላል። ሕዝቡም ሽፍታን ከሌባ ለይቶ ያያል። በ1958 ዓ.ም በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አበጀ በለው የሚወደደው ለገበሬው በመቆሙ ነው። ፋሺስት ያልቻለውን በላይ ዘለቀን የገዛ መንግሥቱ በ1937 ዓ.ም ሰቀለው፤ አገሩ ግን ዛሬም ጀግናዬ ይለዋል።

የአሜሪካ ጋንግስተር ፊልምም ከተመሳሳይ ቁስል ወጣ። ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. መጠጥ ሲከለከል ኮንትሮባንዲስቱ ከበረ፤ ሕጉ መሳለቂያ ሆነ። «ሊትል ሲዛር» በ1931፣ «ስካርፌስ» በ1932 ወጡ። ከ1934 ጀምሮ የሆሊውድ ሳንሱር ወንጀለኛ እንዳያሸንፍ አጥብቆ ከለከለ። ጋንግስተሩ በፊልሙ መጨረሻ ይሞታል፤ ከተመልካቹ ልብ የሚቀረው ግን ሱፉና መኪናው ነው።

ፊልሞቹ የሚደብቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ የሚከፍለው ማን ነው? የ1974ቱ «ጎድፋዘር 2» ይመልሰዋል። ዶን ፋኑቺ ግብር የሚሰበስበው ከገዛ አገሩ ልጆች፣ ከድሆቹ ጣሊያኖች ነው። ቪቶ ኮርሊዮኔ ይገድለውና ቦታውን ይወርሳል። ጠባቂ ነኝ ባይ መጀመሪያ የሚያስከፍለው ጎረቤቱን ነው።

ይህ ዛሬ የፊልም ወሬ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2016 ዓ.ም ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አቅራቢያ ታገቱ፤ ቤተሰቦቻቸው ማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠየቁ። ዛሬ በብዙ መንገድ ላይ መንገደኛ የሚፈራው ይህንኑ ነው። አጋቹን «ሽፍታ» ብሎ መጥራት የአበጀ በለውን ካባ ማልበስ ነው። ሽፍታው በደለኛውን ይፈልግ ነበር፤ አጋቹ የሚፈልገው ከፋይ ነው።

ስለዚህ የአገር ቤት ፊልም ሠሪዎች ካሜራቸውን ከጠመንጃው ያንሱ። በሬው የሚሸጥበት፣ ዘመድ የሚለመንበት፣ እናት ስልክ ይዛ የምታድርበት ቤት ውስጥ ያስገቡት። እውነተኛው የጋንግስተር ፊልም እዚያ ነው ያለው። ፍትሕ በጠፋበት ጀግና የሚፈልግ ወጣት ቢያንስ ማንን እንደሚያደንቅ ይወቅ።