ወዝ የማይወድ መኪና

የፋሲካ ዋዜማ ነበር። መኪናዬን ሁልጊዜ ለሚያጥብልኝ ልጅ ትቼ ለዶሮው የጎደለኝን ቅመም ልገዛ ሄድኩ። ስመለስ በኩራት ቆሞ ጠበቀኝ። «ማዘር፣ ለበዓል ብዬ መስታወት አስመሰልኩልሽ!» አለኝ። እውነቱን ነበር። ወዝ የሌለው ጥቁር ግራጫ ኮፈን መሃል ለመሃል ያብረቀርቃል፤ ዳርዳሩ ግን እንደነበረው ነው። ልጁ ከራሱ ኪስ ፖሊሽ ገዝቶ ክንዱ እስኪዝል አሽቶታል። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ከፈልኩትና «እንኳን አደረሰህ» ብዬው ሄድኩ።

ከበዓሉ በኋላ ያየልኝ ቀለም ቀቢ መልሱ አጭር ነበር፦ «ይሄ አይመለስም፤ ኮፈኑ እንዳለ መቀባት አለበት።» ለልጆቹ የክረምት ጉዞ ያስቀመጥነው ገንዘብ እዚያው አለቀ።

ማት የሚባለው ቀለም እንደ ጀበና ፈዘዝ ያለ ግርማ አለው። ሊገዙ ካሰቡ ግን መጀመሪያ ጠባዩን ይወቁ። የተለመደው መኪና የላይኛው ሽፋን ልሙጥ ስለሆነ ብርሃንን እንደ መስታወት ይመልሳል። የማት ሽፋን ግን በዓይን የማይታይ ሸካራነት አለው፤ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል። ውበቱ ያ ሸካራነት ነው። ምጣድ በታሰሰ ቁጥር ይለሰልሳል፤ ማትም በታሸ ቁጥር እንዲሁ። ምጣዱ ሲለሰልስ እንጀራው ያምራል፤ መኪናው ሲለሰልስ ግን መልኩን ያጣል። ስለዚህ ፖሊሽም ሰምም አይነካውም። በሌላ መኪና ላይ ታሽቶ የሚጠፋ ጭረት እዚህ ላይ ሲታሽ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ይሆናል።

እጥበቱ በእጅ፣ በጥላ ስር፣ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን። አስቀድመው አቧራውን በብዙ ውኃ ያውርዱት፤ የበጋን አቧራ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በአሸዋ እንደ መፈግፈግ ነው። ሁለት ባልዲ ያዘጋጁ፤ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቂያ። የዱቄት ሳሙና ይቅር፤ ለማት ቀለም የተዘጋጀ፣ ሰም የሌለበት ሻምፖ ይጠቀሙ። ሲያደርቁም በማይክሮፋይበር ጨርቅ ጫን እያደረጉ ውኃውን ያስመጥጡት እንጂ አይሹት። የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው ማጠቢያ ውስጥ በፍጹም አያስገቡት።

የወፍ ኩስ፣ የዛፍ ሙጫና የነዳጅ ጠብታ ውለው ማደር የለባቸውም። በተለይ የወፍ ኩስ ከደረቀ አይፋቁት፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፣ ሲለሰልስ ቀስ ብለው ያንሱት። ልጆች ካሉዎት ደግሞ አቧራው ላይ በጣት ስም መጻፍ ለምን እንደማይቻል ሳይቆጡ ያስረዷቸው።

የወደዱት መልኩን ብቻ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ተራ ቀለም ያለው መኪና ገዝተው ማት ላስቲክ ማስለበስ ይችላሉ። ጥንቃቄው ያው ነው፤ ቢበላሽ ወይም ቢሰለችዎ ግን ይላጣል፣ ከስሩ ያለው ቀለም ይተርፋል። የመኪናው ቀለም ሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ ግን ከማስለበስዎ በፊት የሚመለከተውን ቢሮ ይጠይቁ።

የእኔ ጥፋት ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነበር፤ ለልጁ አልነገርኩትም። እሱ መኪና ማሳመር ማለት ማብራት እንደሆነ ነው የሚያውቀው። መኪናዎን ለሚነካ ሁሉ፣ ለአጣቢው፣ ለጥበቃው፣ ቁልፍ ለሚዋስዎት ወንድም አስቀድመው ይንገሩ። እኔ ዘግይቼ ነገርኩት። አሁን ሌላ አጣቢ ጨርቅ ይዞ ሲጠጋ ከሩቅ የሚጮኸው እሱ ነው፦ «ተው፣ ይቺ አትታሽም!»