አስታማሚው የሣለው ቤተ ጸሎት

ስለ ጦርነት የተሣሉትን ሥዕሎች ስንመለከት ዓይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በሰንደቁ፣ በፈረሱና በጦር አለቃው ላይ ስለ ሆነ፣ ቁስለኛውን ያጠበውና አልጋውን ያነጠፈው ሰው ከታሪክ መዝገብ ወጥቶ መቅረቱን ልብ አንለውም፤ ይህም በእኔ አስተያየት ታላቅ ጉድለት ነው።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ስታንሊ ስፔንሰር በአንደኛው የዓለም ጦርነት በብሪስቶል ከተማ ሆስፒታል በአስታማሚነት፣ ኋላም በመቄዶንያ ግንባር አገልግሎ ነበርና፣ ከ1927 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ለሚገኘው የቡርክሌር ቤተ ጸሎት ሥዕሎቹን ሲያዘጋጅ፣ ፍልሚያውን ትቶ በዓይኑ ያየውንና በእጁ የፈጸመውን ሥራ ሣለ። አንዱ ወለል ይወለውላል፤ ሌላው አልጋ ያነጥፋል፤ በሕሙማኑ ክፍል ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ከሻይ ጋር ይቀርባል፤ አንድ አስታማሚም ጐንበስ ብሎ ውርጭ ካቃጠለው የቁስለኛ እግር ላይ የሞተውን ቆዳ በጥንቃቄ ይፍቃል። እንዲህ ያለውን ትሑት ሥራ የቅዱሳን ገድል በሚሣልበት ስፍራ ማኖር ድፍረት ቢመስልም፣ በጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግርን ለምናከብር ምእመናን ምሥጢሩ ከቶ አይሰወረንም። ከመሠዊያው በስተኋላም ሙታን ወታደሮች ተነሥተው የመቃብራቸውን ነጭ መስቀል ለክርስቶስ ያስረክባሉ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ኤቭሊን ዳንባር የምትባል ሠዓሊት እንዲሁ ወደ ተራው ሰው ኑሮ ተመልክታ፣ ዓሣ ለመግዛት በሱቅ ደጅ የተሰለፉትን ሰዎች በ1944 እ.ኤ.አ. ሣለች። የሥነ ጥበብ መምህራናችን እነዚህን ሥራዎች ከፍልሚያው ሥዕሎች ጐን አቁመው ለደቀ መዛሙርታቸው ቢያሳዩ፣ ስለ እያንዳንዱም ሥዕል ቁስለኛውን ማን እንዳነሣው፣ ማንስ እንዳጐረሰው ቢጠይቋቸው እጅግ እወዳለሁ።