የጻፈው ማን ነው?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤



ባለፈው ሳምንት በመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት አንድ ወጣት ባልደረባችን፣ በአሜሪካ አገር ለፊልም፣ ለቴሌቪዥንና ለሬዲዮ ቀርቶ ለቪዲዮ ጨዋታ ጽሑፍ እንኳ ሽልማት የሚሰጥ የጸሐፊዎች ማኅበር መኖሩን አጫወተን። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። አንደኛው «እንግዲህ የልጆች መጫወቻም ደራሲ አለው በሉኛ!» አለ። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። ወደ ቤቴ ተመልሼ ነገሩን ከሥሩ ብመረምረው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም፤ እንዲያውም እኛንም የሚመለከት ቁም ነገር አለበት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የእኛ መሆኑን ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

የአሜሪካ ጸሐፊዎች ማኅበር ሁለት ክፍል አለው፤ የምሥራቁ በኒውዮርክ፣ የምዕራቡ በሎስ አንጀለስ ይገኛል። ሽልማቱ በ1949 ለፊልም ጽሑፍ መሰጠት ተጀመረ፤ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ በኋላ ተጨመሩለት፤ የቪዲዮ ጨዋታ ጽሑፍም በ2008 ተራው ደረሰው። የዛሬዎቹ ጨዋታዎች ብዙዎቹ ረጅም ታሪክ ያላቸው፣ ባለ ታሪኮቹ የሚነጋገሩባቸውና የሚከራከሩባቸው ናቸው። ንግግር ካለ ደግሞ ንግግሩን የጻፈ ሰው አለ። ማኅበሩ ያለው ይህንኑ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ እኔን ያስደነቀኝ የሽልማቱ ብዛት ሳይሆን ለስም የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። በዚያ አገር ማኅበሩ ከፊልም ሠሪዎች ጋር በተዋዋለው መሠረት፣ በማኅበሩ ውል በሚሠራ ፊልም ላይ የጸሐፊነቱ ስም ለማን እንደሚገባ በክርክር ጊዜ የሚወስነው ማኅበሩ ነው። ሦስት ጸሐፊዎች ዳኛ ሆነው ረቂቆቹን ሁሉ ያነባሉ። ተከራካሪዎቹ የዳኞቹን ማንነት አያውቁም፤ ዳኞቹም ረቂቆቹን የሚያገኙት ያለ ስም ነው። ሁለት ሰዎች አብረው ተቀምጠው የጻፉት እንደ ሆነ ስማቸው በአንድ ልዩ ምልክት ይያያዛል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ተቀብሎ ያሻሻለው እንደ ሆነ ግን በመካከላቸው «እና» የሚል ቃል ይገባል። በ2023 148 ቀን የቆየ የሥራ ማቆም አድማ አድርገው ካገኟቸው ስምምነቶችም አንዱ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያወጣው ጽሑፍ የጸሐፊውን ስም እንዳይሻማ የሚከለክል ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ ቢሉ ካለፈ ጥፋት ጭምር ነው። ዳልተን ትራምቦ የተባለው ዕውቅ ጸሐፊ በ1947 በአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለ ፖለቲካ እምነቱ ለተጠየቀው መልስ አልሰጥም በማለቱ ታሰረ፤ ፊልም ሠሪዎችም በስሙ ሥራ ከለከሉት። ስለዚህ «ሮማን ሆሊዴይ» የተባለው ፊልም በ1953 ሲወጣ፣ ታሪኩን የጻፈው ትራምቦ ሆኖ ሳለ፣ ስሙን ያዋሰው ወዳጁ ኢያን መክሌላን ሀንተር ነበር። በ1954 ኦስካሩም የማኅበሩ ሽልማትም የተጻፉት በወዳጁ ስም ነው። ማኅበሩ ራሱም ከበደል ንጹሕ አልነበረም፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፊልም ሠሪዎች የእንደነዚህ ያሉትን ጸሐፊዎች ስም ከፊልም ላይ እንዲያነሡ ፈቅዶ ነበርና።

ትራምቦ በ1976 ሞተ። የኦስካሩን ሐውልት በ1993 የተቀበለችው ባለቤቱ ናት። ማኅበሩ ደግሞ በ2011፣ ማለት ፊልሙ ከወጣ ከ58 ዓመት በኋላ፣ መዝገቡን አርሞ የትራምቦን ስም መለሰ። ይህ እንዲሆን ካመለከቱት ሰዎች አንዱ የሀንተር ልጅ ነው። አባቱ የተሸለመበት ሥራ የሌላ ሰው ስም እንዲጨመርበት የለመነ ልጅ ምስጋና ይገባዋል። አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ማኅበሩ እንከን የለውም አልልም። ሽልማቱ በማኅበሩ ደንብ ያልተሠራውን ጽሑፍ አያወዳድርም፤ ስለዚህ በ2013 በጽሑፉ ኦስካር ያገኘው «ጃንጎ አንቼይንድ» ለማኅበሩ ሽልማት ለመቅረብ እንኳ አልቻለም። ቢሆንም የራሱን ስሕተት በአደባባይ የሚያርም ማኅበር ሊከበር ይገባዋል።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ አጭር የሬዲዮ ድራማ ጽፌ ነበር። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ተቀብሎ አስተላለፈው። በዚያ ምሽት እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቡና አፍልታ ጎረቤቶችን ጠራች። ድራማው አለቀ። የተዋንያኑ ስም አንድ በአንድ ተነበበ፤ ድምፅ የቀረጸው ተመሰገነ፤ ስፖንሰሩም ሁለት ጊዜ ተጠራ። የእኔ ስም ግን አልተነሣም። ጎረቤቶቻችን በትሕትና ዝም አሉ። እናቴም ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞራ «ልጄ፤ ታዲያ የአንተ የትኛው ነው?» አለችኝ። «ሁሉም» ብዬ ለመመለስ አፈርኩ። ከዚያ በኋላም ሌላ ድራማ አልጻፍኩም።

መቼም የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ «ይህ ምን ይደንቃል? በመሥሪያ ቤታችንስ ደብዳቤውን የሚያረቀው ሌላ፣ የሚፈርመው ሌላ አይደለምን?» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፤ እኔም በየቀኑ የማረቀውን ደብዳቤ አለቃዬ ይፈርሙበታል፤ ቅሬታም የለኝም። ደብዳቤው የመሥሪያ ቤቱ ቃል ነው፤ ኃላፊነቱንም የሚሸከመው ፈራሚው ነው። ድራማ ግን ከአንድ ሰው ልብ የወጣ ነገር ነው። ተዋናዩ ድምፁን ይሰጠዋል እንጂ አልፈጠረውም።

ደግሞም ማክበር እንችልበታለን። «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሕዝቡ ጆሮ ቀርቷል፤ ነገር ግን ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ መሆናቸውን ያላወቀ አድማጭ አልነበረም። የአንዱ ክብር የሌላውን አልቀነሰም። የወገናችን የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተባለው ፊልም በ2008 በቬኒስ ከልዩ የዳኞች ሽልማት ሌላ በፊልም ጽሑፉም ተሸልሟል። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅም ደራሲው የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅለት መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ የጎደለን ሕጉን በየዕለቱ ሥራ ላይ ማዋል ነው።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ሁሉ ሦስት ነገር እንዲያስቡበት አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድራማ ሲጀመርም ሲያበቃም ከሁሉ አስቀድሞ የጸሐፊው ስም ይነገር። ይህ አምስት ሴኮንድ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ የስሙ አነጋገር በውሉ ላይ በጽሑፍ ይግባ። ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን ጸሐፊዎች የጸሐፊዎችን ሥራ ያለ ስም አንብበው፣ ዳኝተው የሚያከብሩበት ሥርዓት ይቋቋም። ሽልማቱ አንድ ወረቀት ቢሆንም ይበቃል፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ስም ትክክለኛ ይሁን እንጂ።

በሻይ ሰዓት የሳቅሁበትን ያን ወጣት ባልደረባዬን በዚህ ደብዳቤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ያነሣው ጉዳይ የጨዋታ ጉዳይ አልነበረም። ዛሬ ማታም ከየቤቱ ሬዲዮ አጠገብ ልጇ የጻፈውን ለመስማት የተቀመጠች እናት ትኖር ይሆናል፤ የልጇን ስም ሳትሰማ ወደ መኝታዋ አትሂድ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
አዲስ አበባ