የእናት ሆድና የሐኪም ምላጭ

ልጅ በማሕፀን ዘጠኝ ወር ሲቀመጥ የእናቱን ሆድ እንደ ቤት አስፍቶ ነው፤ የሰፋውም ቤት ልጁ በወጣ ማግሥት ወደ ቀድሞው ልኩ አይመለስም። የቀድሞ እናቶች ይህን በሚገባ ያውቁት ነበርና አራሲቱ ወገቧን በመቀነት ታስራ፣ ገንፎዋን እየበላችና አጥሚቷን እየጠጣች እንድታርፍ ያደርጓት ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ከመቀነቱ ቀጥሎ ሌላ ነገር መጥቷል። ይኸውም ከወሊድ በኋላ የላላውን ሆድ በኦፕራሲዮን ቆርጦና ሰፍቶ ማስተካከል ነው። በተለይም በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶች ይህን ሁለተኛ ኦፕራሲዮን እንዲያደርጉ በየአገሩ በብዙ ማስታወቂያ ይጠራሉ።

ነገሩ የሴቶች የግል ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር አልተመለከተውም ለማለት እንደፍራለን። ከአንባቢዎቻችን ከተማሪዎችና ከወጣት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ነገ ሐኪም የሚሆን፣ የጤና ደንብ የሚያረቅ፣ ለሐኪም ቤት ፈቃድ የሚሰጥ ይኖራል። ይህም ባይሆን እኅቱ ወይም ባለቤቱ ምክር የምትጠይቀው ሞልቷል። ስለዚህ ምላጩ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ ከምላጩም በስተጀርባ ያለው ገበያ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ለሁሉም የሚጠቅም ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ከብራዚል የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። የዓለም የጤና ድርጅት የጠራቸው ሊቃውንት በ1985 ዓ.ም. በብራዚል ከተማ በፎርታሌዛ ተሰብስበው፣ በማናቸውም የዓለም ክፍል በኦፕራሲዮን የሚደረገው ወሊድ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እንዲበልጥ የሚያስገድድ ምክንያት እንደሌለ አስታውቀው ነበር። ነገር ግን ይህ ቃል በተነገረባት በዚያችው አገር ቊጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ሄደ። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. ወደ 24 ሺህ በሚጠጉ እናቶች ላይ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመቶው ወሊድ 52ቱ በኦፕራሲዮን ነበር። በመንግሥት ወጪ ከወለዱት መካከል ከመቶው 46ቱ፣ በግል ሆስፒታል ከወለዱት መካከል ግን ከመቶው 88ቱ በምላጭ ወልደዋል።

ልዩነቱን ልብ ብሎ ላየው ሰው ምስጢሩ ግልጽ ነው። ባለገንዘቧ እናት ከድኻይቱ ይልቅ ሰውነቷ ለወሊድ የማይመች ሆኖ አይደለም። ቀን ተቈርጦለት የሚፈጸም ኦፕራሲዮን ሌሊት በድንገት ከሚመጣ ምጥ ይልቅ ለሐኪሙም ለሆስፒታሉም ስለሚመች ነው። የምጥ ፍርሃትና፣ በኦፕራሲዮን መውለድ የሴትን ሰውነት ሳይለወጥ ያቆያል የሚለው እምነትም ተጨምረውበታል።

በዚያችው አገር የውበት ኦፕራሲዮን ከፍ ያለ ክብር አለው። ዝነኛው ሐኪም ኢቮ ፒታንጊ በ1961 ዓ.ም. በኒቴሮይ ከተማ በአንድ የሰርከስ ድንኳን ላይ በደረሰው ታላቅ የእሳት አደጋ የተቃጠሉትን ሰዎች ካከሙት አንዱ ነበሩ። በሪዮ ዴ ጃኔሮም በሳንታ ካዛ ሆስፒታል ለድኾች የሚሆን ክፍል አቋቁመው፣ ውበት የባለጸጎች ብቻ ርስት አይደለም የሚለውን ሐሳብ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2016 ዓ.ም. ሲያስፋፉ ኖሩ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ነገር ግን ገበያው በስተኋላው ተከተለ። የዓለም አቀፉ የውበት ኦፕራሲዮን ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው ቊጥር መሠረት፣ በ2023 ዓ.ም. በብራዚል ከ2 ሚሊዮን በላይ የውበት ኦፕራሲዮኖች ተደርገዋል። በዚያ ዓመት ይህን ያህል ያደረገ ሌላ አገር አልነበረም። እንግዲህ በአንድ በኩል ምላጭ ያዋልዳል፤ በሌላ በኩል ምላጭ ያስተካክላል። ሁለቱም እየተደጋገፉ ሲያድጉ ሴቲቱ የራሷ ሰውነት በራሱ ጊዜ ሊያደርግ የሚችለውን ነገር ትዘነጋለች።

ለመሆኑ በእናቲቱ ሆድ ላይ የሚደርሰው ለውጥ ምንድር ነው? በሆድ ፊት ለፊት ከላይ ወደ ታች የተዘረጉ ሁለት ጡንቻዎች አሉ፤ በመካከላቸውም የሚያያይዛቸው ጠንካራ ጅማት አለ። ልጁ ሲያድግ ይህ ጅማት ይለጠጣል፤ ጡንቻዎቹም ግራና ቀኝ ይራራቃሉ። ቆዳውም ይላላል፤ ስብም ይጠራቀማል። ይህ ሁሉ የእርግዝናው ሥራ እንጂ የምላጩ ሥራ አይደለም። በተፈጥሮ መንገድ በወለደችውም፣ በኦፕራሲዮን በወለደችውም ላይ ይደርሳል። ሐኪሙ በኦፕራሲዮን ሲያዋልድ ቆዳውንና ሽፋኑን ይቈርጣል እንጂ፣ ሁለቱን ጡንቻዎች እንደ ደንቡ ወደ ጎን ይገልጣቸዋል፤ አይቈርጣቸውም።

ታዲያ ኦፕራሲዮኑ የራሱ ምልክት የለውም ማለታችን አይደለም። ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውም ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ሲጣበቅ ከላዩ ያለው ቆዳ እንደ መደርደሪያ ዘፍ ብሎ ይታያል። በጠባሳው ዙሪያ የመደንዘዝ ስሜት ሊኖር ይችላል። አልፎ አልፎም አንጀት በደከመው የሆድ ግድግዳ በኩል ገፍቶ የሚወጣበት ሄርኒያ የሚባለው ሕመም ይመጣል። ይህን ለይቶ ማወቅ ዋና ነገር ነው፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ እንደ ጉዳቱ ዐይነት ይለያያልና።

አማራጮቹን በቅደም ተከተል እንመልከት። የመጀመሪያው ጊዜና እንቅስቃሴ ነው። ማሕፀን ወደ ቀድሞው መጠኑ ለመመለስ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ የተራራቁት ጡንቻዎችም በመጀመሪያዎቹ ወራት በብዙ ሴቶች ላይ በራሳቸው ይቀራረባሉ። ሐኪም ከፈቀደ በኋላ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየተመሩ የሆድን የውስጥ ጡንቻ ማሠራት ኀይልን ይመልሳል። ይሁን እንጂ እጅግ የላላን ቆዳ እንቅስቃሴ አይሰበስበውም።

ሁለተኛው የጠባሳው ሕክምና ነው። ያበጠ ጠባሳ በሲሊኮን ልጥፍ ወይም በስቴሮይድ መርፌ ሊለዝብ ይችላል፤ ካልሆነም እንደገና ተቈርጦ በጥሩ አሰፋፍ ይሰፋል። ነገር ግን ኬሎይድ የሚባለው፣ ከቊስሉ ድንበር አልፎ የሚያድገው ጠባሳ ጠይም ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ይህ ጠባይ ያላት ሴት ጠባሳ ለማጥፋት ስትቈረጥ ከቀድሞው የባሰ ልታተርፍ ትችላለችና አስቀድማ ለሐኪሟ መናገር ይገባታል።

ሦስተኛው ስብን በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ነው። ይህ የሚያወጣው ስብን ብቻ ነው፤ ቆዳን አይሰበስብም፣ ጡንቻንም አያቀራርብም፣ ውፍረትን ለመቀነስ የሚደረግ ሕክምናም አይደለም። አራተኛው ከእምብርት በታች ያለውን ትርፍ ቆዳ ብቻ የሚያስወግደው አነስተኛ ኦፕራሲዮን ነው። አምስተኛውና ትልቁ ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው ዳሌ በሚደርስ ቅድ ትርፉን ቆዳ አስወግዶ፣ የተራራቁትን ጡንቻዎች በስፌት አገናኝቶ፣ እምብርትን በአዲስ ቦታ የሚያወጣው ነው። ብዙውን ጊዜ የወሊዱ ጠባሳ ከሚወገደው ቆዳ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በምትኩ ግን ከእርሱ የረዘመ ጠባሳ ይቀራል። ማስታወቂያው ይህን የመጨረሻውን ነገር ጮክ ብሎ አይናገርም።

የዚህ ትልቅ ኦፕራሲዮን አደጋም ቀላል አይደለም። ደም ሊፈስ፣ ቊስሉ ሊመረቅዝ፣ ከቆዳው ሥር ውሃ ሊቋጥር ይችላል። በሚያጨሱ ሰዎች ላይ የተሰፋው ቆዳ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራው በእግር የደም ሥር የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ በድንገት ሊገድል መቻሉ ነው። ይህ ሁሉ በደኅና አልፎ እንኳ ሴቲቱ ስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር እንዳታነሣ ትከለከላለች። ከባድ ነገር ሲባል የገዛ ልጇም ይቈጠራል። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚያግዛት ሰው አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ከሐኪሙ ዋጋ የማያንስ ጥያቄ ነው።

የጊዜውም ነገር እንዲሁ ነው። አንዳንድ ሴቶች በምትወልዱበት ኦፕራሲዮን ላይ አብሮ ይሠራልን ብለው ይጠይቃሉ። ጠንቃቃ ሐኪሞች ግን አይመክሩትም። ሆዱ ገና እንዳበጠ ስለሆነ ልኩ አይታወቅም፤ ደም የመርጋትና ቊስል የመመርቀዝ አደጋውም በዚያ ወቅት ከፍ ይላል። የሚመክሩት ከወሊድ በኋላ ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት እንዲቈይ፣ ማጥባቱ እንዲያበቃ፣ ክብደቱም እንዲረጋ ነው። ሌላ ልጅ የምታስብ ሴት ከዚያ በኋላ ብታደርገው ይሻላታል፤ አዲሱ እርግዝና የተሰፋውን መልሶ ሊለጥጠው ይችላልና። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለው ተረት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

አሁን ደግሞ ስለ ገበያው እንናገር። በሆድ፣ በጡትና በዳሌ ላይ የሚደረጉትን ኦፕራሲዮኖች በአንድነት ጠቅልሎ ለእናቶች በአንድ ዋጋ መሸጥ በዛሬው ጊዜ የተለመደ ሆኗል። የጥቅሉ ስም የነጋዴ ስም እንጂ የሕክምና ስም አይደለም። በአገራቸው ዋጋው የሚከብዳቸው ሴቶች ርካሽ ወደ ሆነበት አገር ይበርራሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያ ማእከል በ2024 ዓ.ም. እንደገለጸው፣ ከ2009 እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ 93 አሜሪካውያን በዶሚኒካን ሪፑብሊክ ከውበት ኦፕራሲዮን በኋላ ሞተዋል። ጉዳያቸው በዝርዝር ከተመረመረው መካከል አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ ብዙ ዐይነት ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው ነበሩ፤ የሞታቸውም ዋና ምክንያት ስብ ወይም የረጋ ደም ወደ ሳንባ መሄዱ ነበር። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ በሜክሲኮ በማታሞሮስ ከተማ የውበት ኦፕራሲዮን ለማድረግ በጀርባቸው ማደንዘዣ ከተወጉት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ በፈንገስ ምክንያት በሚመጣ የማጅራት ገትር በሽታ ተይዘው ከ10 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። እነዚህ ሰዎች ታመው የሄዱ አልነበሩም፤ ጤነኞች ነበሩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

የብራዚል መንግሥትም ዝም ብሎ አልተመለከተም። በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፣ የግል የጤና መድን ድርጅቶች እናቲቱ በጠየቀች ጊዜ ሐኪሙና ሆስፒታሉ ከመቶው ስንቱን በኦፕራሲዮን እንደሚያዋልዱ እንዲነግሯት አዘዘ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የሐኪሞቹ ምክር ቤት፣ በእናቲቱ ፈቃድ ብቻ የሚደረገው ኦፕራሲዮን ከ39 ሳምንት እርግዝና በፊት እንዳይፈጸም ከለከለ። ደንቦቹ የኦፕራሲዮኑን ብዛት ወዲያው አልቀነሱትም። ነገር ግን አንድ ትልቅ መሠረት አቁመዋል፤ ይኸውም የምትቈረጠው ሴት ቊጥሩን የማወቅ መብት አላት የሚለው ነው።

ይህ ወደ አገራችን ያመጣናል። በ2016 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በመላው አገሪቱ በኦፕራሲዮን የተደረገው ወሊድ ከመቶ 2 ያህል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግን ከመቶ 21 ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ ቊጥሩ ከመቶ 10 እስኪደርስ ድረስ የእናቶችና የሕፃናት ሞት ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ሞት በዚያ ምክንያት መቀነሱ አይታይም። እንግዲህ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ችግር አለ ማለት ነው። በገጠር ያለችው እናት የሚያድናትን ምላጭ አጥታ ትሞታለች፤ በከተማ ያለችው ደግሞ ላያስፈልጋት የሚችለውን ምላጭ ታገኛለች። የመጀመሪያው ምላጭ ያለ ምክንያት በበዛበት ቦታ ሁለተኛው ገበያውን ተከትሎ እንደሚመጣ ከብራዚል ተምረናል።

በበኩላችን ሆዷን ልታስተካክል የምትፈልገውን እናት የሚያፌዝባትን ሰው አንደግፍም። ሄርኒያ ያለባት ሴት ሕክምና እንጂ ቅንጦት አልጠየቀችም። ጡንቻዋ እጅግ ተራርቆ ወገቧን የሚያማት፣ ከታጠፈው ቆዳ ሥር ቊስል የሚወጣባትም እንደዚሁ ናት። መልኳን ብቻ ለማሳመር የምትፈልገውም ብትሆን ሰውነቱ የራሷ ነው። የምንቃወመው እውነቱ ተሸፍኖ የሚደረገውን ሽያጭ ነው። ስለዚህ አራት ጥያቄዎች በቅድሚያ መመለስ አለባቸው እንላለን። የላላው ቆዳው ነው፣ ስቡ ነው፣ ጡንቻው ነው ወይስ ጠባሳው? በቂ ጊዜ አልፏል ወይ? የሚቈርጠው ሐኪም በዚህ ሙያ የሠለጠነና የታወቀ ነው ወይ? አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው ማነው፣ የት ሆስፒታልስ ትወሰዳለች?

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እናቲቱና ሐኪሟ ይመልሷቸዋል። የኋለኞቹን ሁለቱን ግን መመለስ ያለበት ደንብ ነው፤ ደንቡንም የሚያረቁት፣ የሚያስፈጽሙትም ይህን ገጽ የሚያነቡት ወጣቶች ናቸው። ማስታወቂያ ከደንብ ቀድሞ ከደረሰ የሚያስከፍለው ዋጋ ምን እንደሆነ ከላይ የጠቀስናቸው የሙታን ቊጥሮች ይናገራሉ።