«ሉክ አፍተር» ኋላ ማየት አይደለም

እዚህ ሸዋ ሮቢት ልጆቻችን ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ታሪኩም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። አንዲት ጎበዝ ተማሪ «ሉክ አፍተር ዩር ብራዘር» የሚለውን «ከወንድምሽ ኋላ ተመልከቺ» ብላ ተረጎመችው። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷም ከዚያ ወዲያ እጇን አላወጣችም። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ቃላትን ነጣጥላችሁ ሸምድዱ ያልናቸው እኛ ነን።

ይህች ልጅ እኮ ነሕው ቀርታለች! «ረጊበ ፊ» ፈለገ፣ ወደደ ማለት ሲሆን «ረጊበ ዐን» ግን ጠላ፣ ፊቱን አዞረ ማለት መሆኑን ታውቃለች። በሱረቱል በቀራ 130ኛው አያ ላይ የመጣው ይኸው ሁለተኛው ነው። ግሡ አንድ ነው፤ ትርጉሙን የገለበጠችው ትንሿ ሐርፍ ናት። አማርኛችንስ ቢሆን «ዝም አለ» ስንል ሰውየው ምን «አለ»?

እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። የይፋት እረኛ ፍየሎቹን ሲጠብቅ «ሉክ አፍተር» ነው፤ አንዷ ጠፍታበት ሲፈልጋት «ሉክ ፎር» ይሆናል። ቃል ከመዝገበ ቃላት ስናወጣ ደግሞ «ሉክ አፕ» እንላለን። ልጅቷን ለብቻዋ ጠርተን በነሕው በኩል ስናስረዳት «ለምን ቀድሞ እንዲህ አልተባልንም?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

እስከሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ «ጊቭ» ከ«አፕ»፣ ከ«ኢን» እና ከ«አዌይ» ጋር ሲውል ምን እንደሚሆን ከልጆቻችሁ ጋር ፈልጉ።