ስለ መሬት መናወጥና ስለ ፎቅ ሥራ

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አጠገብ የቀለጠ ዓለት ከምድር በታች ሰርጎ መሬቱን ስለ ሰነጠቀው፥ መናወጡ ብዙ ወራት ሰነበተ። የካቲት 7 ቀን ሌሊት የሆነው በመለኪያ 6 ደረሰ። ስፍራው ከአዲስ አበባ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ቢርቅም፥ በፎቅ የሚኖረው ብዙ ሰው ደነገጠ፤ ከሩቅ የሚመጣ ሞገድ ከጎጆ ይልቅ ረዥሙን ሕንፃ ያወዛውዛልና።

ወደ ሀይሌ ጋርመንት የወረደ ሰው ፎቁ እንዴት እንደ በዛ ያያል። በደቡብ አዲስ አበባ በብዙው ስፍራ ያለው አፈር ግን መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። ልል አፈርም መናወጥን ያጎላል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ የተነሣው መናወጥ ማጀቴን ሲያፈርስ፥ እንዲህ ያለው ፎቅ በአገራችን ገና አልበዛም ነበር።

ካህናት ሕዝቡን ከከንቱ ወሬ ቢያረጋጉ መልካም ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ሹም ግን ቀለሙንና መስተዋቱን ትቶ፥ መሠረቱንና የዓምዱን ብረት አርማታ ሳይሸፍነው በዓይኑ ይመርምር።